ፊድዎ ላይ የሚመጣውን ማን ይመርጠዋል? ለግል ስለሚበጅ ይዘት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው በአንድ ሰዓት አንድ መተግበሪያ ቢከፍቱ ፊዳቸው፣ ማለትም መተግበሪያው ደርድሮ የሚያቀርብላቸው የይዘት ዝርዝር፣ አይገናኝም። እዚህ የተሰበሰቡት ጥያቄዎች ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ፣ አስተሳሰብ ላይ ምን ያህል እንደሚሠራ፣ በተጠቃሚውም እጅ ምን እንዳለ የሚመለከቱ ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። የሜኑ ስሞች በየማሻሻያው ስለሚቀያየሩ፣ ሲፈልጓቸው ከስማቸው ይልቅ ሥራቸውን ይከተሉ።

ለግል የተበጀ ይዘት ሲባል ምን ማለት ነው?

ለሁሉም ሰው እኩል ከመዘርጋት ይልቅ፣ ስለ እርስዎ በተሰበሰበ መረጃ ተመርጦና ተደርድሮ የሚቀርብልዎ ነገር ሁሉ ማለት ነው፤ ዜና፣ ቪዲዮ፣ የፍለጋ ውጤት፣ ማስታወቂያ፣ ኖቲፊኬሽን የሚመጣበት ሰዓት ሳይቀር።

ሁለት ነገሮች ግን ሲምታቱ ይታያል። አንደኛው ራስዎ የመረጡት ነው፤ አንድ ገጽ ፎሎው ሲያደርጉ ወይም ቋንቋ ሲመርጡ። ሌላው ሳይጠየቁ ከድርጊትዎ ተገምቶ የመጣ ነው። ክርክሩ ያለው በሁለተኛው ላይ ነው። የመጀመሪያውን መቼ እንደመረጡት ያስታውሳሉ፤ ሁለተኛው ግን ዝም ብሎ «ያለው ይኸው ነው» የሚመስል መልክ ይዞ ይመጣል።

ነገሩ የዛሬ አይደለም። አማዞን ደንበኞች የገዟቸውን ዕቃዎች እርስ በርስ እያዛመደ ዕቃ መጠቆም የጀመረው በ1998 ነው። ጉግል ዲሴምበር 4 ቀን 2009 ለግል የተበጀ ፍለጋን አካውንት ለሌላቸው ሰዎችም ጭምር አዳረሰው፤ ብሮውዘር ውስጥ በሚቀመጥ ኩኪ (ትንሽ መለያ ፋይል) እየለየ የ180 ቀን የፍለጋ እንቅስቃሴን ያገናዝብ ነበር። ትዊተርና ኢንስታግራም የጊዜ ቅደም ተከተልን ትተው ወደ ደረጃ አሰጣጥ የዞሩት በ2016 ነው። ከቲክቶክ ወዲህ ደግሞ ፎሎው ማድረግ ራሱ ዋጋው ቀንሷል፤ አንድም ሰው ሳይከተሉ ፊድዎ ይሞላል።

አልጎሪዝሙ ቀጥሎ የሚመጣውን እንዴት ነው የሚመርጠው?

አልጎሪዝም ማለት ይዘቱን የሚመርጠውና የሚደረድረው የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። አሠራሩ ከመተግበሪያ መተግበሪያ ቢለያይም አጥንቱ አንድ ነው። መጀመሪያ ካለው ሁሉ ጥቂት እጩዎች ይለቀማሉ፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ እጩ ነጥብ ይሰጣል፤ በመጨረሻ የማጣሪያ ሕጎች ይገባሉ፦ ያገዱት ሰው ይወጣል፣ የአንድ ሰው ጽሑፍ በተከታታይ እንዳይደረደር ይበተናል፣ ማስታወቂያ መሐል መሐል ይሰካል። የዩቲዩብ መሐንዲሶች በ2016 ባወጡት ጽሑፍ ሚሊዮኖች የነበሩት ቪዲዮዎች በመጀመሪያው ወንፊት ወደ መቶዎች፣ በሁለተኛው ወደ አሥሮች እንደሚወርዱ ገልጸዋል።

ምሥጢሩ ያለው ነጥብ አሰጣጡ ላይ ነው። ትዊተር በማርች 2023 የኮዱን ከፊል ይፋ ሲያደርግ ይህ ክፍል በግልጽ ታየ። ለአንድ ሰው 1500 ገደማ እጩ ጽሑፎች ይሰበሰቡ ነበር፤ በአማካይ ግማሹ ከሚከተሏቸው ሰዎች፣ ግማሹ ከማያውቋቸው። ከዚያ ሥርዓቱ «ይህ ሰው ይህን ጽሑፍ ላይክ የማድረግ ዕድሉ ስንት ነው? መልስ የመጻፍስ?» እያለ ይገምትና እያንዳንዱን ግምት በክብደቱ ያባዛው ነበር። በጊዜው የወጡት ክብደቶች ለላይክ 0.5፣ ለሪትዊት (ጽሑፉን መልሶ ለማጋራት) 1፣ መልስ ለመጻፍ 13.5፣ ለመልስዎ ጸሐፊው ራሱ ምላሽ ከሰጠ ደግሞ 75 ነበሩ። ሪፖርት ማድረግ ከዜሮ በታች 369 ነበር።

ሒሳቡን እንሥራው። አንደኛውን ጽሑፍ ላይክ የማድረግ ዕድልዎ 10 በመቶ ነው፣ መልስ ግን አይጽፉበትም እንበል፤ 0.10 በ0.5 ሲባዛ 0.05 ይሆናል። ሁለተኛውን ላይክ የማድረግ ዕድልዎ 2 በመቶ ብቻ፣ መልስ የመጻፍ ዕድልዎም 2 በመቶ ነው እንበል፤ 0.01 እና 0.27 ተደምረው 0.28። ደስ የሚያሰኝዎት ጽሑፍ «እንዲህማ አይባልም!» ብለው መልስ በሚጽፉበት ጽሑፍ ከአምስት እጥፍ በላይ ተበለጠ። እዚህ ውስጥ ክፋት ያሰበ ሰው የለም፤ አንድ ሰው የጻፈው የማባዣ ቁጥር ነው ያለው። እነዚህ ክብደቶች በየጊዜው ይለወጣሉ፤ ፌስቡክ በ2017 የስሜት ምልክቶችን፣ የቁጣውን ፊት ጨምሮ፣ የላይክ አምስት እጥፍ ይመዝናቸው ነበር፤ በ2020 የቁጣውን ክብደት ዜሮ አደረገው።

ላይክ አላደርግም፣ ኮሜንትም አልጽፍም። ታዲያ ስለ እኔ ከየት ያውቃል?

ከአውራ ጣትዎ። ስክሮል ሲያደርጉ የት ላይ እንደቆሙ፣ ስንት ሰከንድ እንደቆዩ፣ ቪዲዮውን እስከ መጨረሻ ማየትዎን፣ መልሰው መጀመርዎን፣ ኮሜንቶቹን ከፍተው ማንበብዎን፣ ወደ ባለቤቱ ገጽ መግባትዎን ይመዘግባል። ዝም ያለ ተጠቃሚ የለም፤ ማየት ራሱ መልስ ነው። ዩቲዩብ በ2012 ከተመልካች ቁጥር ይልቅ የመመልከቻ ጊዜን መለኪያ ካደረገ ወዲህ በተለይ፣ መቆየትዎ ከመጫንዎ በላይ ይናገራል።

ዋናው ጉድለትም እዚሁ ነው። ሥርዓቱ የሚያየው መቆምዎን እንጂ ለምን እንደቆሙ አይደለም። የአደጋ ቪዲዮ ላይ በድንጋጤ ፈዘው የቆዩበት 40 ሰከንድና በፍቅር ያዩት 40 ሰከንድ አንድ ዓይነት ይመስሉታል። «የምጠላውን ነው የሚያመጣብኝ» የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠሉትን እስከ መጨረሻው የሚያዩ ሰዎች ናቸው።

ሁለተኛው ምንጭ እርስዎን የሚመስሉ ሰዎች ናቸው። እርስዎ የወደዷቸውን አሥር ነገሮች የወደዱ ሺህ ሰዎች አሥራ አንደኛውንም ከወደዱ፣ ለእርስዎም ይቀርብልዎታል። ስምዎንም እምነትዎንም ማወቅ አያስፈልገውም። በ2015 የታተመ ጥናት የፌስቡክ ላይክን ብቻ ያየ ኮምፒውተር የሰውን ጠባይ በመገመት በ10 ላይክ የሥራ ባልደረባን፣ በ70 ጓደኛን፣ በ150 የቤተሰብ አባልን፣ በ300 ገደማ የትዳር ጓደኛን እንደሚበልጥ አሳይቷል።

ስልኬ ንግግሬን ይሰማል እንዴ? ያወራሁት ነገር ወዲያው ማስታወቂያ ሆኖ ይመጣል።

ተመራማሪዎች በ2018 ከ17,000 በላይ የአንድሮይድ መተግበሪያዎችን ፈትሸው በድብቅ ማይክ ከፍቶ ድምፅ የሚልክ አላገኙም፤ አንዳንዶቹ ግን ስክሪን ላይ የሚደረገውን ቀርፀው ለሌላ ወገን ሲልኩ ተገኝተዋል። ለግጥጥሙ ቀላል ማብራሪያ አለ፦ አብራችሁ ያወራችሁት ሰው ነገሩን ፈልጎታል፣ በአንድ ዋይፋይ ላይ ናችሁ፣ ስልካችሁ አንድ ቦታ ነበር። ያወሩበትና ማስታወቂያ ያልመጣበት ሌላው ነገር ሁሉ ደግሞ አይታወስም።

«የማጣሪያ አረፋ» የሚባለው እውነት አለ?

አለ፤ በሚወራለት ልክ ግን የተደፈነ አይደለም። ቃሉ ከ2011 ጀምሮ የተስፋፋ ሲሆን ሐሳቡ «አልጎሪዝም የማትስማማበትን ይደብቅብሃል፤ አንተም መደበቁን አታውቅም» የሚል ነው።

ፍለጋን በተመለከተ በ2013 የወጣ ልኬት እንደሚያሳየው በጉግል ውጤቶች ውስጥ በግል ማበጀት ምክንያት የሚለያየው በአማካይ 11.7 በመቶ ነበር፤ ለልዩነቱም ዋነኞቹ መንስኤዎች አካውንት ገብቶ መፈለግና የፈላጊው አይፒ አድራሻ (መሣሪያው ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) ያለበት ቦታ ነበሩ። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ፈልገው የተለያየ ነገር ካገኙ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አካውንትና አካባቢ ነው፤ ከዚያም በላይ የጻፉት ቃል። «ማታ ስፖርት መሥራት የሚያመጣው ጉዳት» ብሎ የፈለገ ሰው ስለ ጉዳቱ ያገኛል፤ «ማታ ስፖርት መሥራት እንቅልፍን ይነካል ወይ» ያለው የተመዛዘነ ነገር ያገኛል። ይህን አረፋ የነፋው ጠያቂው ራሱ ነው።

ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ መልኩ ይለወጣል። በ2020 የአሜሪካ ምርጫ ወቅት በተሠራና በ2023 በታተመ ጥናት፣ አንድ መካከለኛ አሜሪካዊ የፌስቡክ ተጠቃሚ ከሚያየው ይዘት 50.4 በመቶው ከሐሳብ ተጋሪዎቹ የመጣ ሲሆን ከተቃራኒ ወገን የመጣው 14.7 በመቶ ነበር። የተቀረው ከሁለቱም አይደለም። ማለትም ተቃራኒው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ግን አንዱ ሲጮኽ ሌላው ያንሾካሽካል። ለዚህም ተጠያቂው አልጎሪዝም ብቻ አይደለም፤ ጓደኛ ስንመርጥ ቀድሞውኑ የሚመስለንን ነው የምንመርጠው፤ አልጎሪዝሙ የሚደረድረው እኛ ካጠርነው ግቢ ውስጥ ነው።

ታዲያ አስተሳሰቤን ይለውጣል ወይስ አይለውጥም?

ለዚህ ጥያቄ በአንድ ቃል «አዎ» ወይም «አይ» ብሎ የሚመልስ ሰው ካጋጠመዎት ይጠርጥሩት። ምን ላይ ነው የሚለውጠው ብሎ መለየት ያስፈልጋል።

ጠንካራ የፖለቲካ አቋም ላይ ያለው ማስረጃ ደካማ ነው። ከላይ በተጠቀሰው የ2020 ምርምር 23,377 ሰዎች ከሐሳብ ተጋሪዎቻቸው የሚያዩት በአንድ ሦስተኛ ያህል ተቀነሰባቸው፤ አመለካከታቸው ላይ የሚለካ ለውጥ አልታየም። በሌላው ሙከራ ደግሞ ሰዎች ለሦስት ወራት ፊዳቸው በጊዜ ቅደም ተከተል ብቻ እንዲሆን ተደረገ። መተግበሪያው ላይ የሚያጠፉት ጊዜ ቀነሰ፤ ፌስቡክ ላይ የስድብ ቃላት ያሉበት ይዘት ቀነሰ፤ በአንጻሩ ፖለቲካና ከማይታመን ምንጭ የመጣ ይዘት ጨመረ። በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው መራራቅ ግን አልተነቃነቀም። እዚህ ላይ ሁለት ነገር መያዝ ያስፈልጋል፦ ሦስት ወር ከአሥር ዓመት ልማድ ጋር አይተካከልም፤ ኩባንያውም በዚያ ምርጫ ሰሞን የተለዩ የጥንቃቄ እርምጃዎችን ወስዶ ስለነበር ፊዱ የተለመደው ፊድ አልነበረም።

ሐሳቡን ገና ያልወሰነ ሰው ላይ ግን ቅደም ተከተል ጉልበት አለው። በ2015 በታተመ ተከታታይ ሙከራ የፍለጋ ውጤቶች ለአንዱ እጩ እንዲያደሉ ሲደረደሩ፣ ካልወሰኑ መራጮች ውስጥ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ምርጫቸው ሊያዘነብል እንደሚችል ታይቷል፤ አብዛኞቹም መደርደሩን አላስተዋሉም። መደጋገምም እንዲሁ ነው። በ1977 የታተመ ሙከራ ሰዎች በሁለት ሳምንት ልዩነት ደጋግመው የሰሙትን አባባል አዲስ ከሰሙት ይልቅ እውነት ነው ወደ ማለት እንደሚያዘነብሉ አሳየ፤ ከዚያ ወዲህም በተለያየ መልክ ተደጋግሞ ተረጋግጧል። ፊድ ደግሞ የተነኩትን ነገር ከመደጋገም ሌላ ሥራ የለውም ማለት ይቻላል።

በእኛ ግምት ትልቁ ጉዳት ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለም። መጠን ነው የሚዛባው። አንድ ነገር ምን ያህል የተለመደ እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደሚያስበው፣ ምን ያህል አስጊ እንደሆነ የምንገምተው በቀላሉ ትዝ ከሚለን ነገር ተነሥተን ነው። ፊድዎ ላይ ከ100 ቪዲዮ 30ው ስለ ዝርፊያ ከሆነ፣ የአካባቢዎ ወንጀል ባይጨምርም በር ሁለቴ መቆለፍ ይጀምራሉ። አቋምዎ አልተለወጠም፤ ዓለም ነው በዓይንዎ ውስጥ የተለወጠው። የሚናገረውም ሁሉም ሰው አይደለም፤ በ2019 በወጣ ጥናት ከአሜሪካ ጎልማሳ የትዊተር ተጠቃሚዎች 10 በመቶዎቹ 80 በመቶውን ጽሑፍ ይጽፉ ነበር። ከዚያ ከጥቂቱ ውስጥ መልስ የሚያስነሣው ተመርጦ ሲቀርብ «ሕዝቡ ይህን ነው የሚለው» ብሎ መደምደም ገበያውን በአንድ ጯሂ ነጋዴ መመዘን ነው።

ሌላም መንገድ አለ፣ ብዙም አይጠየቅም። አልጎሪዝሙ የሚለውጠው ተመልካቹን ብቻ ሳይሆን አዘጋጁን ነው። ምን እንደሚያስኬድ ያየ አዘጋጅ ርዕሱንም ድምፁንም ወደዚያ ያዞራል። በ2021 ይፋ በወጡ የፌስቡክ የውስጥ ሰነዶች ላይ የአውሮፓ የፖለቲካ ፓርቲዎች፣ የ2018 የደረጃ አሰጣጥ ለውጥ ተቀናቃኝን ወደ ማጥቃት ያዘነበለ ይዘት እንዲያወጡ እንደገፋቸው መናገራቸው ተመዝግቧል። ስለዚህ ፊድዎን አጥፍተው ጋዜጣ ቢያነቡም፣ ጋዜጣው የተጻፈው ፊዱን እያየ ሊሆን ይችላል።

የተቃራኒ ወገን ገጾችን ብከተልስ?

በጥንቃቄ። በ2018 በታተመ ሙከራ የአሜሪካ የትዊተር ተጠቃሚዎች እየተከፈላቸው ለአንድ ወር የተቃራኒ ወገን መልእክቶችን በቀን 24 የሚያሰራጭ አካውንት ተከተሉ። ሪፐብሊካኖቹ ይበልጥ ወግ አጥባቂ ሆነው ወጡ፤ ዲሞክራቶቹ ትንሽ ወደ ግራ ቢሄዱም ለውጡ በስታቲስቲክስ የሚቆጠር አልነበረም። ስድብን አዘውትሮ መስማት ሰውን አያለዝብም።

የሚጠቅመው ከማዶ ያለውን የሚጮኸውን ሳይሆን ረጋ ብሎ የሚያስረዳውን መከተል ነው። ሦስት ወይም አራት ይበቃሉ። ሲመርጡ አንድ መፈተኛ አለ፦ ይህ ሰው የራሱን ወገን ተችቶ ያውቃል? የማያውቅ ከሆነ የሚያገኙት ክርክር ሳይሆን ቅስቀሳ ነው።

«አልፈልገውም» የሚለውን ብጫን ለውጥ ያመጣል?

ከሚጠበቀው በታች። የፋየርፎክስ ብሮውዘር ባለቤት ሞዚላ በ2022 ከ20,000 በላይ ፈቃደኞችን ይዞ የዩቲዩብን ቁልፎች ሲለካ፣ «አልፈልገውም» የሚለው ቁልፍ ተመሳሳይ ቪዲዮዎችን የቀነሰው በ11 በመቶ ብቻ ነበር። ዲስላይክ 12 በመቶ፣ ቪዲዮውን ከእይታ ታሪክ ማጥፋት 29 በመቶ፣ «ይህን ቻናል አትጠቁምልኝ» 43 በመቶ ቀንሰዋል። ከዚህ የሚወጣው ምክር ቀላል ነው፤ በቪዲዮው ላይ አይድከሙ፣ ቻናሉን ያግዱ፤ ከዚያ ታሪክ ውስጥ ገብተው ያዩትን ያጥፉት።

ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት ግን ቶሎ ማለፍ ነው። የማይፈልጉትን ቪዲዮ በመጀመሪያው ሁለት ሰከንድ ይለፉት። «ምን ይለው ይሆን» ብለው ከቆዩ በኋላ ቁልፍ መጫን በአንድ እጅ ጋብዞ በሌላው እንደ ማባረር ነው። ተናዶ ኮሜንት መጻፍና ለጓደኛ «ይኼን ጉድ እይልኝ» ብሎ መላክም ያው ነው፤ ሥርዓቱ የሚያነበው «ወዶ አካፈለው» ብሎ ነው። ማሳየት ግድ ከሆነ በስክሪንሾት ይላኩ።

ፊዴን ከዜሮ ማስጀመር እችላለሁ?

ይቻላል። ቅደም ተከተሉን ካልጠበቁ ግን በሳምንት ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

1. የጉግል አካውንት ካለዎት የእንቅስቃሴ መቆጣጠሪያ ውስጥ ገብተው የተመዘገበውን የድርና የመተግበሪያ እንቅስቃሴ፣ ከዚያ የዩቲዩብ ታሪክ ይሰርዙ። እዚያው በራሱ የሚያጠፋውን ያብሩ፤ 3፣ 18 ወይም 36 ወር ምርጫዎች አሉ። 3 ወር ይምረጡ።
2. በዩቲዩብ የእይታ ታሪክን ሙሉ በሙሉ ካስቆሙ፣ ከ2023 ጀምሮ የመነሻ ገጹ ባዶ ይሆናል፤ ሰብስክራይብ ያደረጓቸው ብቻ በራሳቸው ገጽ ይቀራሉ። አንዳንዱ ሰው ተበላሸ ብሎ መልሶ ያበራዋል። አልተበላሸም፤ የሚገምትበት አጥቶ ነው።
3. ቲክቶክ ፊድን የማደስ ቁልፍ በ2023 አስገብቷል፤ በይዘት ምርጫዎች ሥር ይገኛል። ኢንስታግራምም ጥቆማዎችን ዳግም የማስጀመር ምርጫ አለው፤ በተጨማሪም ከላይ ያለውን የመተግበሪያውን ስም ነክተው «የሚከተሏቸው» የሚለውን ከመረጡ በጊዜ ቅደም ተከተል ያያሉ። ችግሩ በሚቀጥለው ጊዜ ሲከፍቱት ወደ ቀድሞው መመለሱ ነው።
4. የሚከተሏቸውን ይከልሱ። ዳግም ማስጀመር ፎሎው ያደረጓቸውን አያጠፋም፤ አሮጌው ፍላጎትዎ በዚያ በኩል ተመልሶ ይገባል።
5. ከታደሰ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ፊዱ ብዙ ሰው የሚያየውን፣ አብዛኛውን ጊዜም ቀላሉንና ጩኸት ያለበትን ነው የሚያቀርበው። በዚያ ተስፋ ቆርጠው ዝም ብለው ስክሮል አያድርጉ። በራስዎ ቃል ፈልገው 15 ወይም 20 የሚፈልጓቸውን ነገሮች ይክፈቱና እስከ መጨረሻ ይዩ፤ ግምቱ የሚሠራው ከእነሱ ነው።

ይህን ሁሉ አድርገው ካልተለወጠ ሌላ መሣሪያ ይፈትሹ። ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን በእርስዎ አካውንት ገብቶ ከሆነ የቤቱ ሰው ሁሉ የሚያየው በእርስዎ ስም ይመዘገባል። ለልጅ በእርስዎ ስልክ አንድ ጊዜ የተከፈተ ካርቱን ለሳምንታት የሚከተልዎትም ለዚህ ነው። መፍትሔው ለእያንዳንዱ የራሱ ፕሮፋይል መክፈት ነው፤ ካልሆነም ስልኩን ከመስጠትዎ በፊት የእይታ ታሪክን ማቆም።

ስውር መስኮት ወይም ቪፒኤን ብጠቀምስ?

ስውር መስኮት (የብሮውዘሩ ኢንኮግኒቶ) አሮጌ ኩኪዎችን አያቀርብም፣ ሲዘጋም የራሱን ያጠፋል። አይፒ አድራሻዎን ግን አይሸፍንም፤ አካውንትዎ ውስጥ ከገቡበት ደግሞ ትርጉም የለውም። ቪፒኤን (ግንኙነትዎን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ አገልግሎት) አይፒውን ይቀይራል፤ አካውንቱን አይቀይርም። ሁለቱም የሚጠቅሙት ለንጽጽር ነው፤ አንድን ነገር በተለመደው ብሮውዘርዎና በስውሩ ፈልገው የመጀመሪያዎቹን አሥር ውጤቶች ጎን ለጎን ቢያዩ ምን ያህሉ ለእርስዎ ተብሎ እንደመጣ በአምስት ደቂቃ ይገባዎታል።

ለግል የተበጀ ማስታወቂያን ባጠፋ ማስታወቂያ ይቀንስልኛል?

ቁጥሩ አይቀንስም፤ ዓይነቱ ነው የሚለወጠው። የሚያዩት ገጽ ይዘት ላይ የተመሠረተ ማስታወቂያ ይመጣል። አይፎን ላይ ከ2021 ጀምሮ መተግበሪያዎች በሌሎች ኩባንያዎች መተግበሪያና ድረ ገጽ ላይ እርስዎን ለመከታተል ፈቃድ መጠየቅ አለባቸው፤ እምቢ ማለት የመተግበሪያውን ሥራ አያስተጓጉልም። ያም ሆኖ በራሱ በመተግበሪያው ውስጥ የሚያደርጉት ከመመዝገብ አይድንም።

ሕግ ምን ይላል?

በዚህ ከሁሉ ርቆ የሄደው የአውሮፓ ኅብረት ነው። የዲጂታል አገልግሎቶች ሕጉ በኅብረቱ ውስጥ በወር 45 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ተጠቃሚ ያላቸው መድረኮች በተጠቃሚው ፕሮፋይል ላይ ያልተመሠረተ ቢያንስ አንድ የፊድ አማራጭ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ በትልልቆቹ ላይ መሥራት የጀመረው ከኦገስት 2023 መጨረሻ ነው። ለአካለ መጠን ላልደረሱም ፕሮፋይላቸውን ተመርኩዞ ማስታወቂያ ማሳየት ይከለክላል። የሚጥስ ኩባንያ እስከ ዓመታዊ የዓለም አቀፍ ገቢው 6 በመቶ ሊቀጣ ይችላል። ከአውሮፓ ውጭ ያለ ሰው መመሪያ እያነበበ «ይህ ቁልፍ እኔ ጋ የለም» የሚለው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

ቻትቦቶችስ? እነሱም እንደ ሰው ሰው ይመልሳሉ?

አዎ፣ በሁለት መንገድ። አንዳንዶቹ ካለፉ ንግግሮች ስለ እርስዎ የያዙት ማስታወሻ አላቸው፤ በሴቲንግ ውስጥ አይተው ማጥፋት ይችላሉ። ሁለተኛው ለብዙ ሰው አይታይም፤ ማስታወሻው ቢጠፋም እንኳ መልሱ ወደ ጠያቂው ያዘነብላል። «ይህ ዕቅዴ ጥሩ አይደለም?» ብለው ቢጠይቁ ጥሩ ነው የማለት ዝንባሌ አለው። ስለዚህ ጥያቄውን አቋምዎ በማይታይበት መንገድ ይጻፉ፤ ዕቅዱ የሌላ ሰው እንደሆነ አድርገው ያቅርቡ፤ ድክመቱን ብቻ እንዲዘረዝር ይጠይቁ። ከዚያ አዲስ ንግግር ከፍተው ያንኑ ዕቅድ እንዲደግፍ ይጠይቁት። ሁለቱ መልሶች እኩል አሳማኝ ሆነው ከመጡ፣ ጉዳዩን የሚፈታው ቻትቦቱ ሳይሆን ወደ ዋናው ምንጭ ሄደው ማንበብዎ ነው።